ምጣድም ተንኳኩቶ ነው የሚገዛው

«የእኛ እኮ ኦርጅናል ነው!»

ይህን ቃል በወጣቶች ኮንፈረንስ ላይ፣ በመዘምራን ልምምድ መካከል፣ ከአምልኮ በኋላ በጸሎት ቤቱ ደጅ ቆመን ስንጨዋወት ሰምተነዋል፤ እኛም ብለነዋል። ወሬው ስለ ድራም ነው። «ኦርጅናል ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» የሚል ጠያቂ ቢመጣ መልሳችን አጭር ነው፤ በቤዝ ድራሙ ፊት ላይ የተጻፈውን ስም በጣታችን እናሳየዋለን። እንጨቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አናውቅም። ጠርዙን ዳስሰን አናውቅም። ሲምባሉ ከምን እንደተሠራ ጠይቀን አናውቅም። ስሙ ግን ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ እንኳ ይነበባል።

ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ድራምን በስሙ መመዘን የጆሮ ስንፍና ነው። የምእመናንን መባ በእጅ ይዞ እንዲህ ማድረግ ደግሞ ከስንፍናም ያለፈ ነገር ነው። «ይህ የዕቃ ጉዳይ ነው፤ ከመንፈሳዊ ሕይወታችን ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ወጣቶች ጥቂት ታገሡኝ።

መጀመሪያ ጣቴን ወደ ራሴ ልቀስር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማገለግልበት አጥቢያ አዲስ ድራም ለመግዛት ተነሣን። የነበረን ድራም ያረጀ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል። «ይሄማ ማሳፈሪያ ነው» ተባባልን። ለሁለት ዓመት ያህል ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሻይና ቆሎ ሸጥን፤ የቀን መቁጠሪያ አሳትመን በየቤቱ ዞርን። ምእመናንም እንደ አቅማቸው ሰጡ። ከሰጡት መካከል እንጀራ እየጋገሩ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ነበሩ። ገንዘቡን ከመሐረባቸው ጫፍ ፈትተው በእጄ ላይ ሲያስቀምጡ «ለዝማሬው ይሁን ልጄ» አሉኝ።

የሚገዛ ኮሚቴ ተመረጠ። አንዱ አባል እኔ ነበርኩ፤ በስብሰባው ከሁሉ ይልቅ ድምፄን ከፍ ያደረግሁትም እኔ ነበርኩ። ክርክሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ስም ያለው እንግዛ፤ ስም ያለው አያሳፍርም።» ሽማግሌዎችም ስለ ድራም እኛ እናውቃለን ብለው አመኑን። ካርቶኑ ሳይከፈት ገንዘቡ ተከፈለ።

ድራሙ የቆመ ዕለት ያልተነሣ ፎቶግራፍ አልነበረም። ከወራት በኋላ ግን ስኔሩ ላይ የአንዱ ብሎን ቤት ጥርሱ ተበላና አልጠብቅ አለ። የቶሙ መያዣ በየመዝሙሩ መካከል ወደ ታች ይንሸራተት ጀመር። የፍሎር ቶሙ ልባጭ ከመጋጠሚያው ተላጠ። ሲምባሉማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ትሪ ነበር የሚጮኸው፤ እኛ ግን «አዲስ ስለሆነ ነው» እንል ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ደርሻለሁ። ጥፋቱን በማን ላይ እንዳደረግን ልንገራችሁ? ድራሙን በሚመታው ልጅ ላይ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ማንም ሳያስተምረው እያየ የተማረ ትሑት ልጅ። «እጁ ከባድ ነው፤ ዕቃ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ድራም ለእሱ አልነበረም» አልን። ዕቃው ስም አለው፤ ልጁ ስም የለውም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የልጁ ሆነ። ልጁ አልተከራከረም። ዱላዎቹን ስኔሩ ላይ አስቀምጦ ወረደ፤ ለብዙ ሳምንታትም ወደ ልምምድ አልመጣም።

በኋላ ከሌላ አጥቢያ ለአገልግሎት የመጣ አንድ ልምድ ያለው ወንድም ድራሙን ፈታው። ቆዳውን አንሥቶ ጠርዙን በጣቴ እንድዳስስ አደረገኝ። አንዱ ቦታ ይወጣል፣ አንዱ ቦታ ይጎድጉዳል። «ይሄ ከየትኛውም ልጅ እጅ የመጣ አይደለም፤ ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ ነው የወጣው» አለኝ። የገዛነው ሐሰተኛ አልነበረም። ስሙ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ያ ስም ከሚሸጣቸው ድራሞች ሁሉ የመጨረሻውን፣ ለጀማሪ ልጅ መኖሪያ ቤት የታሰበውን፣ በየእሑዱ ሦስትና አራት ሰዓት ለሚመታበት ጉባኤ ነበር የገዛነው።

ያን እናት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ስትገዙት አላንኳኳችሁትም?»

ማንኳኳት ምን ማለት ነው?

እናቶቻችን ምጣድ ሲገዙ ምን እንደሚያደርጉ አይታችኋል። ገበያ ላይ ምጣዱን ያነሡታል፤ በጣታቸው ጀርባ ያንኳኩታል፤ ጆሮአቸውን ጠጋ አድርገው ይሰሙታል። በደንብ ያልተተኮሰ ወይም በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያለበት ምጣድ ድምፁ ይከዳዋል። ጎበዝ ሸክላ ሠሪ የምትባል ሴት ብታውቅ እናት ወደ እርሷ ትሄዳለች፤ ያ መልካም ነው። ግን ከእርሷም ቢሆን ሳታንኳኳ አትገዛም። የሸክላ ሠሪዋ ስም ወዴት እንደምትሄድ ይነግራታል እንጂ የትኛውን ምጣድ እንደምታነሣ አይነግራትም።

የሀገራችን ከበሮም እንዲሁ ነው። ከተቦረቦረ እንጨትና ከበሬ ቆዳ ይሠራል፤ ሁለቱ አፎቹ በስፋት ስለማይተካከሉ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ፊቱ ላይ የድርጅት ስም የለበትም። ገዢው መምታት አለበት፤ ሌላ መንገድ የለውም። እኛ ከበሮን በጆሮ ከሚመርጥ ሕዝብ ተወልደን ድራምን በዓይን እንመርጣለን።

ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት ኤልያብን ባየ ጊዜ በቁመቱና በመልኩ ተማርኮ ነበር። የተመረጠው ግን ሜዳ ላይ በጎች የሚጠብቀው ነበር። ያን ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ሱቅ ስንገባ ግን እንረሳዋለን።

ስም ምን ይነግረናል? ምንስ አይነግረንም?

ስም በድራም ፊት ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ዘፈናቸውን ለማወደስ ሳይሆን ለትምህርት ነው የማነሣው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 የእንግሊዙ የቢትልስ ቡድን በአሜሪካ ቴሌቪዥን በኤድ ሱሊቫን ዝግጅት ላይ ቀረበ። 73 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተመለከተው ይነገራል። በሪንጎ ስታር ቤዝ ድራም ፊት ላይ «ሉድቪግ» የሚል ስም ተጽፎ ነበር። ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1909 በቺካጎ የተመሠረተ፣ ጥሩ ዕቃ የሚሠራ ድርጅት ነው። ከዚያች ምሽት በኋላ ግን ሽያጩ እጅግ አደገ። ድራሙ በዚያች ሌሊት አልተሻሻለም፤ እንጨቱም ጠርዙም ያው ነበር። የተለወጠው ስሙን ያየው ሰው ብዛት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤዝ ድራም ፊት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ፤ እኛም ሰሌዳውን ይዘን መድረክ ላይ ወጣን።

አንድ ስም አንድ ድራም ማለት አይደለም። ፐርልን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1946 በጃፓን የኖታ መደገፊያ በመሥራት የጀመረ ድርጅት ነው። ከ1982 ጀምሮ የሚታወቀው ኤክስፖርት የተባለው ድራሙ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው መምታት የተማረበት ነው፤ የዛሬው ኤክስፖርት ከፖፕላርና ከእስያ ማሆጋኒ እንጨት ይሠራል። ከእርሱ በታች ለጀማሪዎች የሚሠራ፣ ሮድሾው የሚባል አለ። ከእርሱ በላይ ደግሞ ማስተርስ የሚባሉ፣ ለታላላቅ መድረክ የሚሠሩ አሉ። ያማሃም እንዲሁ ነው፤ ስቴጅ ከስተም የሚባለው ሙሉ በሙሉ ከበርች እንጨት ሲሠራ፣ ራይዲን የሚባለው ረከስ ያለው ግን ከፖፕላር ነው። በዋጋም በግንባታም ይለያያሉ፤ ከሩቅ የሚነበበው የድርጅት ስም ግን አንድ ነው።

ሲምባልም እንደዚያው ነው። ዚልጂያን ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1623 በቁስጥንጥንያ የሚጀምር የቤተሰብ ሥራ ነው። ኤ እና ኬ የሚባሉት ሲምባሎቹ 80 በመቶ መዳብና 20 በመቶ ቲን ከሆነ ነሐስ ይሠራሉ። ለጀማሪ የሚያቀርበው አይ የሚባለው ተከታታይ ግን 8 በመቶ ቲን ብቻ ያለበት ነው። ከዚያ በታች በገበያ ላይ፣ በተለይ ከድራም ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጡት ብዙ ርካሽ ሲምባሎች፣ ከመዳብና ከዚንክ የተሠሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ይጮኻል እንጂ አይዘረጋም።

ድርጅቶቹ ይህን አይደብቁም። ለጀማሪም ለባለሙያም መሥራታቸው ተገቢ ነው። ራሳችንን የምናታልለው እኛ ነን፤ የታችኛውን ገዝተን የላይኛውን ስም የምንለብስ።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

አንድ ከበሮ ሲመታ መጀመሪያ የሚንቀጠቀጠው ቆዳው ነው። ዛሬም ቆዳ እንለዋለን እንጂ ፕላስቲክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ማይላር የተባለው ፕላስቲክ የጥጃ ቆዳን ተክቷል። ይህ ፕላስቲክ ያልቃል። ይጎደጉዳል፣ ይለጠጣል፣ ይሞታል። በየአጥቢያው ስንዞር ድራሙ ከተገዛ ጀምሮ ቆዳው ተለውጦ የማያውቅ ስንት ነው? በሞተ ቆዳ ላይ የትኛውም ስም አይዘምርም።

ሁለተኛው ጠርዙ ነው፤ ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ አፍ። ጠርዙ ካልተስተካከለ ቆዳው እኩል አይወጠርም፤ የፈለጋችሁትን ያህል ቁልፍ ብታዞሩ ድምፁ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይጠራም። ሦስተኛው ሼሉ ነው። በርች ጥርት ያለና ፈጥኖ የሚደርስ ድምፅ አለው፤ ሜፕል ሞቅ ያለና የተመጣጠነ ነው፤ ማሆጋኒ ወደ ታች ይወርዳል። ፖፕላር ረከስ ያለ እንጨት ቢሆንም በደንብ ከተሠራ አያሳፍርም። ልብ በሉ፤ በጥንቃቄ የተሠራ ፖፕላር በግዴለሽነት ከተሠራ ሜፕል ይበልጣል።

አራተኛው ቃና ነው፤ ማለትም ድራሙን የሚቃኘው እጅ። ጊታር ሳይቃኝ መድረክ ላይ ቢወጣ ሁላችንም እንሸማቀቃለን። ድራም ግን እንደ ጊታር እንደሚቃኝ የማያውቅ የመዘምራን ቡድን ሞልቷል። አምስተኛው ቤቱ ነው። ብዙዎቻችን የምናመልከው በቆርቆሮ ጣሪያና በሲሚንቶ ግድግዳ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ 22 ኢንች ቤዝና ሦስት ትልልቅ ክራሽ ሲጮኹ የመዝሙሩ ቃል ይሰጥማል። ከኋላ ያሉ አረጋውያን ጆሮአቸውን ይይዛሉ። ከዚያ «ድራም መንፈሳዊ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ጥፋቱ ግን የድራም መሆን ሳይሆን ለቤቱ የማይሆን ድራም መምረጥ ነው። ለትንሽ አዳራሽ 20 ወይም 18 ኢንች ቤዝ፣ ቀጠን ያለ ሲምባል፣ ከድራሙ ሥር ምንጣፍና ከኋላው ወፍራም መጋረጃ ከማንኛውም ስም ይሻላል።

እንግዲህ ቁጠሩት። ቆዳ፣ ጠርዝ፣ ሼል፣ ቃና፣ ቤት። ከአምስቱ አንዱም በስሙ ላይ አልተጻፈም።

ተቃዋሚዎቼ ምን ይላሉ?

«ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ምርጡ ነው፤ ስለዚህ ትልቁን ስም እንግዛ» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ በሙሉ ልቤ አሜን እላለሁ። ሁለተኛው ግማሽ ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። በሙሴ ሕግ ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት እንዲሆን ይፈለግ ነበር እንጂ ከማን መንጋ እንደመጣ አይጠየቅም ነበር። ነውር ደግሞ የሚገኘው በምርመራ ነው። በጉን ሳይመረምር «ከታወቀ መንጋ ነው» ብሎ የሚያቀርብ ሰው ምርጡን ሰጠ አይባልም።

ሌሎች በተቃራኒው ይሉኛል፦ «ቅባት ካለ ባልዲም ይበቃል። ስለ እንጨትና ስለ ጠርዝ ማውራት ሥጋዊነት ነው።» እነዚህን ወገኖች አከብራለሁ፤ በስደትና በእጥረት ዘመን በጭብጨባ ብቻ እንዴት እንደተመለከ የሚያስታውሱ አሉባቸውና። ድራም የሌለው ጉባኤ ከአምልኮ የጎደለው ነገር የለም። ነገር ግን ከገዛን ማወቅ አለብን። በመጽሐፍ ቅዱስ ባስልኤል በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላው በወርቅ፣ በናስና በእንጨት ሥራ እንዲራቀቅ ነው። ክናንያ ዜማውን እንዲመራ የተደረገው ስለሚያውቅበት ነው። በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 15 ደግሞ ኤማን፣ አሳፍና ኤታን የያዙት ጸናጽል ከምን እንደተሠራ ሳይቀር ተጽፏል፤ ናስ ነው። ስለ ብረቱ ዓይነት መናገር ሥጋዊነት ቢሆን ኖሮ ባልተጻፈ ነበር። የሠሪው ስም ግን በዚያ ቦታ የለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ በቅንነት ልመልሰው። «የታወቀ ስም መለዋወጫ ይገኝለታል፤ መልሰን ብንሸጠው ዋጋ ያወጣል፤ ያልታወቀው ግን ብሎኑ ቢጠፋ የት ይገኛል?» ይላሉ። ይህ ጥሩ ምክንያት ነው። እኔም ሁለት ድራሞች በምርመራ እኩል ቢሆኑ የታወቀውን እመርጣለሁ። ግን ሁለት ነገር ጨምሩበት። አንደኛ፣ ከሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ቆዳው ነው፤ የቆዳ መጠን ደግሞ በ10፣ በ12፣ በ14፣ በ16፣ በ22 ኢንች የተለመደ ስለሆነ የአንዱ ድርጅት ቆዳ ለሌላው ድራም ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት መጠኑን መለካት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ሁለተኛ፣ ይህ ምክንያት ስምን ከመመዘኛዎች አንዱ ያደርገዋል እንጂ ምርመራን አያስቀርም። እናቶችም ጎበዝ ሸክላ ሠሪ ጋ ሄደው ያንኳኳሉ ብያችኋለሁ።

አራተኛዎቹ «በኢንተርኔት ድምፁን ሰምተነዋል» ይላሉ። የሰማችሁት ድራሙን ብቻ አይደለም። አዲስ ቆዳ፣ የተዋጣለት ቃኚ፣ በየከበሮው ላይ የተጠጋ ማይክሮፎን፣ ድምፅ እንዲውጥ የተሠራ ክፍልና በኮምፒዩተር ያስተካከለውን ባለሙያም አብራችሁ ሰምታችኋል። እነዚያ ሁሉ በካርቶኑ ውስጥ አይመጡም።

እውነቱን እንናገር

ወጣቶች ሆይ፣ ስም የምንወደው ስለማናውቅ ብቻ አይደለም። ያኛው አጥቢያ ምን እንደገዛ እናውቃለን። በኮንፈረንስ ላይ ማን ምን ይዞ እንደመጣ እንቆጥራለን። ፎቶግራፉ ሲለጠፍ ስሙ እንዲታይ ድራሙን ወደ ካሜራው እናዞራለን። እኔ «ስም ያለው አያሳፍርም» ስል የፈራሁት መጥፎ ድምፅን አልነበረም፤ መናቅን ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ለዝማሬው የሰጡትን እኔ ለክብሬ አዋልኩት። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ፍቅር የሌለውን ሰው ከጸናጽል ጩኸት ጋር ያነጻጸረው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። በዚያ ዓመት ከርካሹ ሲምባል ይልቅ ባዶ የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

የፉክክሩን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ ሁልጊዜ ትንሹ ነው። ድራሙ ሲበላሽ ልጁ ይወቀሳል። ገንዘብ ሲያልቅ ቆዳ የሚለወጥበት ይጠፋል። አዲስ መዋጮ ሲጠራ መሐረቧን የምትፈታው ያችው እናት ናት።

እንግዲህ እናንኳኳ

መቃወም ብቻ አይበቃም። ድራም ልትገዙ ከተነሣችሁ ይህን አድርጉ።

ካርቶኑ ሳይከፈት አትክፈሉ። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ቆዳውን ፈትታችሁ ጠርዙን ዙሪያውን በጣታችሁ ዳስሱ። ከተቻለ ሼሉን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡ፤ ክፍሉን አጨልማችሁ ውስጡ የስልክ መብራት አብሩ። በጠርዙና በመስታወቱ መካከል ብርሃን ከሾለከ ጠርዙ አልተስተካከለም። በሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ በተለያየ አቅጣጫ ለኩት፤ ልዩነቱ ከታየ ክቡ ክብ አይደለም።

ብሎኖቹን በጣታችሁ አዙሩ። ያለ ትግል መግባት አለባቸው። የመቆሚያዎቹን እግር ዘርግታችሁ ነቅንቁ፤ የቶሙን መያዣ አጥብቃችሁ በእጃችሁ ወደ ታች ተጫኑ። የስኔሩን ሽቦ መክፈቻና መዝጊያ ደጋግማችሁ ሞክሩ። የቤዙን ፔዳል ርገጡ፤ ይንቋቋል? ወደ ጎን ይወዛወዛል?

ሲምባሉን ለብቻው መዝኑት። ዋጋው ውስጥ ሲምባልና መቆሚያ መኖሩን ጠይቁ፤ ብዙ ጥሩ ድራሞች ያለ ሲምባል ይሸጣሉና። ሰቅላችሁ በቀስታ ምቱት፤ ድምፁ ተዘርግቶ ቀስ ብሎ ይከስማል ወይስ እንደ ትሪ ጮሆ ይቆረጣል? ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከድራሙ ቀንሳችሁ ለሲምባሉ ጨምሩ። መካከለኛ ድራም በአዲስ ቆዳና በቃና ይሻሻላል፤ መጥፎ ሲምባል ግን አይቃኝም።

ከገንዘቡም የቆዳ መለወጫ አስቀሩ። የሚመታውን ልጅ መቃኘት አስተምሩት፦ አንዱን ብሎን ሲያጠብቅ ቀጥሎ በጎኑ ያለውን ሳይሆን ትይዩውን ያጥብቅ፤ ከዚያ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ብሎ በየብሎኑ አጠገብ እየመታ ድምፁን ያመሳስል። ሲምባሉንም ከመቆሚያው ብረት የሚለየው ላስቲክና ጨርቅ ሳይኖር አይስቀለው፤ አንቆም አያጥብቀው፤ እንዲያ ያለ ሲምባል ይሰነጠቃል።

ልጁንም ግዢው ላይ ውሰዱት። በዓመት ውስጥ ከኮሚቴው ሁሉ ይልቅ በዚያ ዕቃ ላይ የሚቀመጠው እርሱ ነው። በመጨረሻም ያገኛችሁትን ሁሉ ጽፋችሁ፣ ምን እንደመረመራችሁና ለምን እንደመረጣችሁ በጉባኤ ፊት አንብቡት። መባ የሰጠ ሰው ይህን ሊሰማ ይገባዋል።

የእኛ ድራም ፍጻሜ

እዚህ ላይ ታሪኬን ልጨርስ። የመጣው ወንድም ከመሄዱ በፊት ዕቃ ቤት የተጣለውን አሮጌውን ድራም አውጡልኝ አለ። አቧራውን ጠርገን ፈታነው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር፤ ብሎኖቹ በጣት ይዞሩ ነበር። ሞቶ የነበረው ቆዳው ብቻ ነበር። የቆዳ ገንዘብ አዋጥተን ለወጥነው፤ ያሉትን አሮጌ ሲምባሎች ጠራርገን ሰቀልናቸው። ከመድረኩ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን።

ከዚያ ወደ ልጁ ቤት ሄድኩ። «የበደልንህ እኛ ነን፤ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም» አልኩት። እናቱ ቡና አፈሉልን። ልጁ ብዙ አልተናገረም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሁሉ ቀድሞ ልምምድ ላይ ተገኘ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠርተውኝ «ዛሬ ምን አድርጋችሁ ነው? የመዝሙሩ ቃል እኮ ተሰማኝ» አሉኝ። ስለ ድራሙ ስም አልጠየቁኝም፤ ተፍቆ ስለነበር ቢጠይቁኝም አልነግራቸውም ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋ እናት ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኋቸውና «አሁንስ አንኳኳችሁት?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፤ አንኳኳነው» አልኳቸው።